ከሠርግ ቤት የተነሱ ባንዶች

እሷ፦ ገለምሶ ውስጥ ጊታር ያነሳ ልጅ የት ይጫወት? ድምፁን የሚሞክርበት መድረክ ያስፈልገዋል እኮ።

እሱ፦ እዚያው ሐረርጌ መልስ አለ። አፍራን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን አስቢ! በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ ሲነሱ ዋናው መድረካቸው ሠርግ ነበር። ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ሲቀላቀላቸው ገና ታዳጊ ነው፤ ኋላ እስከ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ድረስ ዘለቀ።

እሷ፦ ሠርግ ደግሞ ቀላል መድረክ እንዳይመስልህ። ታዳሚው ትኬት ቆርጦ አልመጣም፤ ካልጣመው ጀርባውን ሰጥቶ ወሬውን ይቀጥላል። ሴቶቹ በራሳቸው ዜማ ጭብጨባ ካነሱ ከበሮ መቺው ምቱን ከእነሱ ተቀብሎ መግባት አለበት። ይህን የትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም።

እሱ፦ ጊታሩስ ቢሆን? ጃኖ ባንድ ሮክን ከአገር ቅኝት ጋር ሲያዋህድ ወጣቱ ወደደው። «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ያዘጋጀላቸው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው።

እሷ፦ እነሱ አዲስ አበባን ይዘዋል። የገለምሶው ልጅ ግን ኦሮምኛውን በኤሌክትሪክ ጊታር ቢያወጣው እኔ በበኩሌ ቀድሜ እሰለፋለሁ።

እሱ፦ እንግዲያው የገለምሶ ሆቴሎች ይስሙን፤ በወር አንድ ቅዳሜ አዳራሻችሁን ለእነዚህ ልጆች ስጡ። ድምፅ ማጉያውም ለሠርግ የገዛችሁት ይበቃል።