ያልለየላቸው ወንበሮች፦ የምክር ቤት ምርጫ ትንበያ ለምን ይስታል?



ስለ ምርጫ ትንበያ እንድናገር ስጋበዝ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ የራሴ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ሲቃረብ፣ ተማሪዎቼ እያንዳንዳቸው አንድ የምርጫ ክልል መርጠው እንዲመረምሩ አዝዤ ነበር። አንዲት ተማሪ የዋሽንግተን ግዛትን ሦስተኛ የምርጫ ክልል ይዛ መጣች። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የትንበያ ድረ ገጽ ለሪፐብሊካኑ ጆ ኬንት 98 በመቶ፣ ለዴሞክራቷ ማሪ ግሉሰንካምፕ ፔሬዝ 2 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ሰጥቶ ነበር። እኔም «ይህ ያለቀለት ነው፤ ሌላ ፈልጊ» አልኳት። ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ ግሉሰንካምፕ ፔሬዝ ከ3,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት አሸነፉ።

ተማሪዋም «መምህር፣ ታዲያ ሁለቱ በመቶ ለምን ተጻፈ?» ብላ ጠየቀችኝ። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ምክር ቤቱ 435 ወንበሮች አሉት፤ አብላጫ ለመያዝ 218 ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ወንበሮች ገና ከጅምሩ የለየላቸው ስለሆኑ፣ የበላይነቱን የሚወስኑት ብርቱ ፉክክር ያለባቸው ጥቂት ደርዘን ክልሎች ናቸው። ችግሩ ግን ትንበያው በጣም የሚፈለግባቸው እነዚህ ክልሎች በቂ መረጃ የሌለባቸው መሆናቸው ነው። በአንድ ክልል የሚካሄዱ የመራጮች አስተያየት ጥናቶች ጥቂት፣ ናሙናቸውም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ተንባዩ ያለፈውን ምርጫ ውጤት፣ የዕጩዎቹን የገንዘብ አቅምና አገር አቀፉን የፖለቲካ ስሜት ይደምርበታል። የየክልሉ ትንበያ በከፊል የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው ማለት ነው፤ ምንጩ ሲደፈርስ ጅረቶቹ ሁሉ ይደፈርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኩክ ፖለቲካል ሪፖርት 27 ወንበሮችን «ያልለየላቸው» ብሎ መድቦ ነበር። ሃያ ሰባቱንም ሪፐብሊካኖች ወሰዱ። እያንዳንዱ ውድድር ከሌላው ተለይቶ እንደሚጣል ሳንቲም ቢሆን ኖሮ፣ ይህ የመሆን ዕድሉ ከ134,217,728 አንድ ብቻ ነበር። ተአምር ግን አልተፈጠረም። ስሕተቶቹ ተያያዥ ነበሩ፤ ጥናቶቹ የሪፐብሊካኖችን ድጋፍ ከእውነተኛው አሳንሰው ስለገመቱ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሳቱ። በእኛም አገር በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ያሸነፈው ቅንጅት መሆኑን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የፖለቲካ ነፋስ በምርጫ ክልል ወሰን አይገታም።

ከዚህ ተምሬአለሁ ያለ ሰው በ2022 ሌላ ወጥመድ ጠበቀው። ብዙዎች የሪፐብሊካኖችን «ቀይ ማዕበል» ሲጠብቁ፣ ፓርቲው ያገኘው 222 ወንበር ብቻ ሆነ። ይህም ዴሞክራቶች ከሁለት ዓመት በፊት ካገኙት ጋር እኩል ነው። የስሕተቱን መጠን መገመት ይቻላል፤ አቅጣጫውን ግን ካለፈው ምርጫ መዋስ አይቻልም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከሒሳብ ያልፋል። ትንበያ ገንዘብንም የሰው ጉልበትንም ያንቀሳቅሳል። በኮሎራዶ ሦስተኛ የምርጫ ክልል ሎረን ቦበርት 97 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር፤ ተፎካካሪያቸው አዳም ፍሪሽም ከብሔራዊ ፓርቲያቸው ይህ ነው የሚባል ድጋፍ አላገኙም። ቦበርት አሸነፉ፤ ልዩነቱ ግን 546 ድምፅ ነበር። ትንበያው አሸናፊውን በትክክል አውቋል፤ ቁጥሩን «አበቃለት» ብሎ ያነበበ ሁሉ ግን ተሳስቷል።

ለተማሪዬ መልሴ እነሆ። ሁለት በመቶ ማለት፣ እንዲህ ያሉ መቶ ውድድሮች ቢኖሩ በሁለቱ ያህል ደካማ የተባለው ዕጩ ያሸንፋል ማለት ነው። በብዙ ምርጫ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕጩ አንድም ጊዜ ካላሸነፈ፣ የተሳሳተው ተንባዩ ነው። የትንበያ ታማኝነት የሚመዘነው በአንድ ወንበር ሳይሆን በብዙዎች ድምር ነው። ያን ቀን የተሳሳተው ቁጥሩ አልነበረም፤ ሁለቱን ዜሮ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ ሳይቆጠር «ያለቀለት» የሚለውን ቃል በክፍሌ ውስጥ አልተናገርሁም። የመጨረሻው ቃል የመራጩ ነውና።