እንስሳት ቢናገሩ ቋንቋቸው ምን ይሆን?



ልጆቻችን ማታ ማታ ተረት ንገሩን ባሉን ጊዜ አንበሳውንም ጦጣይቱንም ባማርኛ እናናግራቸዋለን። ይህንንም እንደ እንግዳ ነገር የሚቈጥረው የለም። ዳሩ ግን የምናብ ዓለም ፈጥረው ከሚጽፉት ደራስያን አንዳንዶቹ ለእንስሶቻቸው ራሱን የቻለ ቋንቋ እስከ ማበጀት ደርሰዋል። የዛሬው ንግግሬ እንዲህ ያለው ቋንቋ እንዴት እንደሚበጅና ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ነው።

በአገራችን አራዊትን መድረክ ላይ አውጥተው ያናገሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ቲያትራቸው በ1913 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት ታየ። አውሬዎቹ የተናገሩት ግን ባማርኛ ነበር። ደራሲው የጊዜውን አስተዳደር ጉድለት ለማሳየት ስለ ፈለጉ፣ ተመልካቹ ነገሩን ወዲያው እንዲረዳው ያስፈልግ ነበር። ተረዳውም፤ በዚሁም ምክንያት ቲያትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

እንግዲህ ልዩ ቋንቋ የሚያስፈልገው አንባቢው ራሱን በእንስሳው ውስጥ እንዲያይ ሳይሆን፣ ዓለምን በእንስሳው ዓይን እንዲያይ ሲፈለግ ነው። የአየርላንድ ተወላጁ ጆናታን ስዊፍት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1726 ባሳተመው በጉሊቨር ጉዞ ውስጥ የሚናገሩ ፈረሶችን ፈጠረ። የወገናቸው ስም የፈረስ ማሽካካት የሚመስል ነው። ከድምፁ ይልቅ የሚደንቀው ግን በቋንቋቸው ውሸት የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። ሪቻርድ አዳምስ የተባለውም በ1972 ባወጣው «ዋተርሺፕ ዳውን» በተባለው መጽሐፉ ለጥንቸሎች ቃላት አበጀላቸው። ጥንቸሎቹ ከአራት በላይ መቍጠር ስለማይችሉ፣ ከዚያ የበለጠውን ሁሉ «ህራይር» ይሉታል። መኪናንም በሞተሩ ድምፅ «ህሩዱዱ» ብለው ይጠሩታል።

የኛም ልጆች «የወፍ ቋንቋ» የሚሉት ጨዋታ አላቸው። በየቃሉ መካከል ሌላ ድምፅ እየጨመሩ፣ ታላላቆቻቸው እንዳይሰሟቸው ይነጋገሩበታል። ይህ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን አማርኛውን ልብስ አለበሰው እንጂ ለወፍ ቋንቋ አልሰጣትም። ለእንስሳ ቋንቋ የሚያበጅ ሰው ከድምፁ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህ ፍጡር ምን ይፈራል? ምን ይበላል? ምንስ መለየት ያስፈልገዋል? ብሎ ነው።

ለምሳሌ ለገዳዲን እንውሰድ። ስሙ ኦሮምኛ ነው፤ «ለገ» ወንዝ፣ «ዳዲ» ጠጅ ማለት ነው። ስም አውጪው ወንዙን በሚወደው ነገር ጠራው። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ፣ በዚያ ከተሠራው ግድብ ውኃ ለምንቀዳው ለኛ ለአዲስ አበቦች፣ ለገዳዲ ማለት ቧንቧ ማለት ሆነ። በዚያው ውኃ ላይ የምትንሳፈፈው ዳክዬ ብትናገርስ? ጠጅ ወይም ቧንቧ የሚል ቃል አያሻትም። ነገር ግን እግሯ መሬት ለሚነካበት ውኃና ለማይነካበት ውኃ፣ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላትና ከዳር ለሚመጣ ጠላት፣ ለእያንዳንዱ ቃል ያሻታል። አንዱ ውኃ ሦስት ስም ያገኘው ውኃው ተለውጦ አይደለም፤ ተመልካቹ ስለ ተለየ ነው።

ይህ ትምህርት ለተረት ጸሓፊ ብቻ የሚቀር አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን የሚመጣው ባለጉዳይ ስለ መሬቱና ስለ ከብቱ ሲናገር፣ ቃሉ ከመዝገባችን ቃል ጋር የማይገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ «ይህ ሰው መናገር አይችልም» ብለን ፋይሉን ብንዘጋው የሚጐዳው እርሱ ነው። ለዳክዬ እንኳ ቃል ለመፈለግ የሚደክም አሳብ፣ ለገዛ ወገኑ ጆሮ ሊነፍግ አይገባውም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ተረት በጠየቋችሁ ጊዜ፣ እስቲ እናንተ ደግሞ ጠይቋቸው፤ «ጅብ ብትሆኑ ጨለማን ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር?» በሏቸው። መልሳቸውንም ሳታርሙ ስሙ።

ደኅና እደሩ።