ድራመሩ የቀረበት አልበም

እሱ፦ ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1973 ነው። ፖል ማካርትኒ አልበም ሊቀርጽ ወደ ሌጎስ ሊበር ተሰናድቷል። ጉዞው ሲቃረብ ጊታሪስቱ ሄንሪ ማካሎ የፖልን ባንድ ጥሎ ወጣ። ድራመሩ ዴኒ ሳይዌልም ሊበሩ ሲሉ «አልሄድም» አለ።

እሷ፦ ጉድ! ጉዞው ቀረ በለኛ!

እሱ፦ ኧረ ምን ሲደረግ! ከባለቤቱ ከሊንዳና ከባንዱ አባል ከዴኒ ሌን ጋር በረረ። ድራሙን ራሱ መታ፤ ቤዙም የእሱ ነው።

እሷ፦ ሌጎስስ እንዴት ተቀበለቻቸው?

እሱ፦ ተያቸው! አፓፓ ያለው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ግንባታው ገና አላለቀም። ባልና ሚስቱ ማታ በእግራቸው ሲሄዱ ቢላ የያዙ ዘራፊዎች የዘፈኖቹን ግጥምና የሙከራ ቅጂ ወሰዱባቸው። ከዚያማ ከጭንቅላት ማውጣት ነበር።

እሷ፦ ናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲም የአፍሪካን ሙዚቃ ሊሰርቁ መጡ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ፖል የቀረጸውን ሲያሰማው ነው የበረደለት።

እሱ፦ እኔን የሚያስቀኝ ግን ጂንጀር ቤከር ነው። የክሪም ባንድ ዝነኛ ድራመር ሌጎስ ውስጥ ስቱዲዮ ነበረው፤ አንድ ዘፈን እዚያ ተቀረጸ። ታዲያ ድራመር ላጣ ባንድ ቤከር ምን ቢሠራ ጥሩ ነው? ጠጠር የያዘ ቆርቆሮ ነቀነቀ!

እሷ፦ (እየሳቀች) አልበሙ «ባንድ ኦን ዘ ራን» ግን በ1974 በአሜሪካ አንደኛ ወጥቷል።