የሞተር መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ነው
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዝግጅቱ ኮሚቴ «ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። ስለ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚናገር ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። እኔ ግን ዛሬ ወደ ጋራዥ ልወስዳችሁ ነው። ጋራዥ ስላችሁ ሊፍትና ኮምፒዩተር ያለበትን እንዳይመስላችሁ። ቢቸናና ሞጣ ውስጥ በሰው ግቢ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸራ ተነጥፎ ሞተር የሚፈታበትን ቦታ ማለቴ ነው።

ይህ ነገር ለምን የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ከደጀን ቢቸና፣ ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ባሕር ዳር ሰውና እህል የሚያመላልሰው መኪና አብዛኛው አሮጌ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ላይ ያለው ኤክሳይዝ ታክስ ከበደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የከለከሉበት ምክንያት ይገባኛል፤ ክርክሬ እሱ ላይ አይደለም። ግን ዛሬ መንገድ ላይ ያለው የናፍጣ ሞተር ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ መሥራትም አለበት። ባለቤቱ በዕቁብና በብድር የገዛው ነው። ሞተሩ ሲቆም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም አብሮ ይቆማል።

ሞተር «አለቀ» ሲባል ባለቤቱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ ያገለገለ ሞተር መግዛት ነው። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ግን የምትገዛው የማታውቀውን ሞተር ነው። የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ስለማይገጥም ማስተካከሉ ራሱን የቻለ ደጅ ጥናት አለው። ሁለተኛው የራስን ሞተር ፈትሾ፣ ፈትቶ ማደስ ነው። ሁለቱም መንገድ የሚጀምረው ከፍተሻ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ችግሩ የሚመጣው እዚሁ ፍተሻው ላይ ነው። መካኒኩ ኖዝሉን ፈትቶ፣ መለኪያውን አስሮ፣ ሞተሩን በሞተሪኖ ያዞርና የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ ያነባል። ያነበበውን ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ያስተያያል። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሞተር ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ካነሰ፣ የሚያምቀውም በዚያው ልክ ያንሳል። ፒስተኑ ምን ጥፋት አለው?

በቁጥር እንየው። መጽሐፉ ለደህና የናፍጣ ሞተር 30 ባር ይጠብቃል፣ ከ20 በታች ከሆነ ፍታው ይላል እንበል። ቱርቦ የሌለው ያው ደህና ሞተር ሞጣ ላይ ሲለካ ወደ 22 ብቻ ያሳያል። የ20ው ገደብም እዚያ ወደ 15 ይወርዳል። ስለዚህ ሞጣ ላይ 18 ያነበበ መካኒክ መጽሐፉን አምኖ «አልቋል» ቢል፣ ጤነኛ ሞተር ላይ ፈረደ ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ሞጣ የሚኖር አንድ ዘመዴ ባለ ናፍጣ ሃይሩፍ ሚኒባስ አለው። መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። «ወንድምዓለም፣ ሞተርህ አልቋል፣ ቀይረው» ተባለ። ሌላ ሞተር ሊገዛ በሬዎቹን ለገበያ ሊያወጣ ቀን ቆርጦ ነበር። ሄጄ አብረን ለካነው። አራቱም ሲሊንደሮች 18 ገደማ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ባር እንኳ አይሞላም። ወደ ባሕር ጠለል ስንመልሰው 24 ገደማ መሆኑ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ፣ ሁለት ኖዝሎች ናፍጣውን በመርጨት ፈንታ ያንጠባጥቡ ነበር። ማጣሪያው ተቀየረ፣ ኖዝሎቹ ተሠሩ። መኪናው ዛሬም ይሠራል፤ በሬዎቹም ያርሳሉ።

ከዚህ የምንይዘው ነገር ቢኖር፣ ከፍታ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ የሲሊንደሮቹ እኩልነት የበለጠ ይናገራል። አራቱ ተቀራርበው ዝቅ ካሉ መጀመሪያ ከፍታውን አስቡ፤ አንዱ ለብቻው ከወደቀ ግን እውነተኛ በሽታ አለ። በሽታው የት እንደሆነ ለማወቅ የጎሚስታውን ኮምፕረሰር መዋስ ይበቃል። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሶ፣ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት፣ ሞተሩ እንዳይዞር አጥብቆ ይዞ በኖዝሉ ቀዳዳ አየር መስጠት ነው። ከዚያ ጆሮን መጣል። አየሩ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። በጭስ ማውጫው ከወጣ የጭስ ቫልቩ አይዘጋም። ራዲያተሩ ውስጥ ከተንፈቀፈቀ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

አሁን መፈታት ያለበት ሞተር ነው እንበል። በግቢ ውስጥ የሚሠራና የማይሠራ ሥራ አለ። መፍታት፣ ማጠብ፣ መለካት፣ ቫልቭ በቅባት አሸዋ መፍጨት፣ ፋሻና ብሮንዚን መቀየር፣ መግጠም ግቢ ውስጥ ይቻላል። ሲሊንደር ማስፋት፣ ክራንክሻፍት መሞረድ፣ የተጣመመ ቴስታታ ማስተካከል ግን የማሽን ቤት ሥራ ነው። ብልህ መካኒክ የሚለየው ይህን ድንበር በማወቁ ነው።

«የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ ከየት እናምጣ?» ለሚሉ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። አንድ ፋሻ ወስዳችሁ ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱ፣ በፒስተኑ ራስ ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉት። መጀመሪያ ፋሻ በማይደርስበት ታችኛው ክፍል፣ ቀጥሎ መበላቱ በሚበዛበት ላይኛው ክፍል የፋሻውን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ለኩ። ታች 1.0 ሚሊ ሜትር፣ ላይ 1.3 ቢሆን ልዩነቱ 0.3 ነው። ይህን ለ3.14 ስታካፍሉት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ሲሊንደሩ በስፋት የተበላው ያን ያህል ነው። የክብ ዙሪያ ስሌት፣ ያችው የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ናት።

የብሮንዚን ነገር ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብሮንዚኑና በክራንክሻፍቱ መካከል የሚፈለገው ክፍተት የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። እዚያ ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ የሳምንት ሥራ ገደል ገባ። ስለዚህ ግቢው ውኃ ይረጭበት፣ የታጠበው ዕቃ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፣ ነፋስ ሲነሳ ሥራ ይቁም። የፒስተን ክንድ ቆቦች ምልክት ይደረግባቸው፤ የአንዱ ቆብ ለሌላው አይሆንም። የቴስታታ ብሎን ከመሐል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ መፍቻ ይጥበቅ። «እጄ ያውቀዋል» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ሲያልቅም ወዲያው ማስነሳት አይገባም። ናፍጣውን ዘግቶ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ እያረፉ ማዞር፣ ከዚያ ማስነሳት። የመጀመሪያው ዘይትና ማጣሪያም ቶሎ ይቀየር፤ የተፋቀው ብረት ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ትንሿ ዕቃ ልምጣ፤ የራዲያተር ክዳን። በ2,500 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ80 በላይ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ በሞተሩ ጤናማ ሙቀትና በመፍላት መካከል የቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ግን መፍላቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ዳገት፣ ጭነት ይዞ፣ በላላ ክዳን የወጣ መኪና ቴስታታው ቢሰነጠቅ ምን ይገርማል? በርካሽ ክዳን የተነሳ ስንት ሞተር ተፈትቷል!

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። ባሕር ዳር ላይ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ሲከፈት፣ ካስተማራቸው ሙያዎች የእርሻ መሣሪያና የብረታ ብረት ሥራ ይገኙበታል። እጅና አእምሮ አንድ ላይ እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ዛሬ ጋራዡ ቴስታታ፣ ፋሻ፣ ካንዴላ እያለ በጣልያንኛ ይነጋገራል፤ ክፍሉ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በመካከል ያለውን ሒሳብ ለመካኒኩ በአማርኛ የሚነግረው የለም። ተማሪዎቻችን የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚቀንስ ለፈተና ያውቁታል። መካኒኩ አያውቀውም፤ ግን በየቀኑ ዋጋውን ይከፍላል።

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መምህሮቻችን የየከተማውን ከፍታ የያዘ፣ የእመቃ ንባብ ወደ መጽሐፉ ቁጥር የሚመልስ አንድ ገጽ የአማርኛ ሰንጠረዥ አዘጋጁልን። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን የእመቃ መለኪያ፣ ማይክሮሜትርና የቶርክ መፍቻ ገዝቶ አንዱን ስብስብ ቢቸና፣ አንዱን ሞጣ በውሰት ያስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ጥቂቶቹ ወደነዚህ ግቢዎች ይላኩ። ለማስተማር ብቻ አይሂዱ፤ ሞተር በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ሰው አለና ይማሩም።

ሰንጠረዡን በነፃ የሚያሳትም ከመካከላችን እንደማይጠፋ አምናለሁ። መለኪያዎቹን ለመግዛት የመጀመሪያውን መዋጮ ዛሬ ከመውጣቴ በፊት ለገንዘብ ያዡ አስረክባለሁ። የሚከተለኝ ይከተለኝ።