ሽፍታ፣ ወንበዴ፣ ማፊያ፦ ስለ ስያሜና ስለ ትርጉም
(በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ቃላት አመጣጥ ሲናገር ከሙያው የወጣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሥራችን መጀመሪያ ትርጉም ነው። ቮልትንና አምፔርን ለይቶ የማያውቅ ሰው የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ እንደማይችል ሁሉ፣ ተደራጅተው የሚዘርፉ ሰዎችንም በትክክል ሳይሰይሙ መከላከል አይቻልም።

ጉዳዩ ከሥራችን የራቀ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው ይህ ፓርክ ያለ ኤሌክትሪክ ለአንድ ፈረቃም ቢሆን ሊሠራ አይችልም። በአገራችን ግን የማስተላለፊያ ምሰሶ ብረት እየተፈታ፣ ገመድም እየተቆረጠ መወሰዱ በተደጋጋሚ ተነግሯል። ይህን የሚፈጽሙትን ሰዎች አንዱ «ወሮበላ»፣ ሌላው «ወንበዴ»፣ ሦስተኛው «ማፊያ» ይላቸዋል። ታዲያ ቃላቱ አንድ ናቸውን?

በዕድሜ ጠገቡ «ሽፍታ» እንጀምር። «ሸፈተ» ማለት ሰረቀ ማለት አይደለም፤ ከመታዘዝ ወጣ ማለት ነው። «ልቡ ሸፈተ» ስንል ሐሳቡ ወደ ሌላ ዞረ ማለታችን እንጂ ዘረፈ ማለታችን አይደለም። ስለዚህ ሽፍታ መንገደኛ ቢዘርፍም፣ ፍርድ ተጓደለብኝ ብሎ ዱር የገባ ሰው ሊሆን ይችላል። የቋራው ካሳ ኃይሉ ሸፍተው ከኖሩ በኋላ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ፋሺስት ኢጣሊያ በበኩሏ ለነፃነታቸው የሚዋደቁትን አርበኞች «ሽፍታ» ስትል ጠርታለች። ቃሉ ድንበር ተሻግሮም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኬንያ መንግሥት በሰሜን ምሥራቅ ግዛቱ ለመገንጠል የተነሡትን ሶማሌዎች ሰይሞበታል። እንግዲህ «ሽፍታ» ስለ ተጠሪው የሚናገረውን ያህል ስለ ጠሪውም ይናገራል።

«ወንበዴ» ከዚህ የከረረ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከክርስቶስ ጋር የተሰቀሉት ሁለቱ ሰዎች የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት በትጥቅ የሚታገሉትን ድርጅቶች «ወንበዴ» ይል ነበር። በሕግ ግን ቃሉ ልክ አለው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 670 የተመለከተው ውንብድና በኃይል ወይም በዛቻ መዝረፍ ነው። «ወሮበላ» ደግሞ ፍቺውን ራሱ ይዟል፤ ወሮ፣ ማለትም ወርሮ፣ የበላ ነው።

«ማፊያ» ከሲሲሊ የመጣ ነው። ሥረ ቃሉ እስካሁን ያከራክራል። የሲሲሊን ባህል ያጠናው ጁሴፔ ፒትሬ በ19ኛው መቶ ዓመት ቃሉ በፓሌርሞ መንደሮች ውበትንና ኩራትን ያመለክት እንደነበር ጽፏል። በ1863 እ.ኤ.አ. ስለ ከተማይቱ እስረኞች የተደረሰ ተውኔት ቃሉን በሰፊው አሳወቀው። በሕግ የተተረጎመው ግን በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኢጣሊያ ሕግ ማፊያን የተረጎመው በዘረፋው ብዛት ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ይኸውም ማኅበሩ በሚያሳድረው ፍርሃት ሰዎችን ማስገበሩና አፋቸውን ማዘጋቱ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በዚያችው በፓሌርሞ ለፊርማ የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም የተደራጀ የወንጀል ቡድንን ሲተረጉም የሚጠይቀው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን፣ የቆየ መዋቅርን፣ የጋራ ተግባርንና የጥቅም ዓላማን ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የተደራጀ ወንጀል እንደ ኤሌክትሪክ ዑደት ነው። ቆራጭ አለ፤ አጓጓዥ አለ፤ ገዥ አለ፤ አይቶ ዝም የሚልም አለ። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ዑደቱ ይቋረጣል። በሌሊት የሚያዘው ግን ብዙውን ጊዜ መጋዝ የያዘው ወጣት ብቻ ነው። እርሱን «ማፊያ» ብለን ስንሰይም ነገሩ የተፈታ ይመስለናል፤ መዳቡን የገዛው ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሥራ አጥ ወጣት ያገኛል። ከዚህ የከፋው፣ ስያሜው ሥራ ፍለጋ ወደ አዳማ በሚመጡት ወጣቶች ሁሉ ላይ ሲለጠፍ ነው። በዚህ ጊዜ ንጹሑን ሰው እናስቀይማለን፤ ወንጀለኛውንም በብዙኃኑ መካከል እንሸሽገዋለን።

ስለሆነም ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ስለ ጉዳት ሪፖርት ስንጽፍ በጅምላ ስም አንርካ፤ ምን ያህል ሜትር ገመድ እንደተቆረጠ፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ ለመጫን ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ እንመዝግብ። መቶ ሜትር ወፍራም ገመድ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ አይሄድም። ሁለተኛ፣ ገመዶቻችን መለያ ምልክት ይኑራቸው፤ ምርመራውም እስከ ገዥው ይዝለቅ። ሕጋችን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚቀበለውንም ሰው ይቀጣልና።

ሽፍታን ሽፍታ፣ ሌባን ሌባ፣ የተደራጀውንም የተደራጀ ብሎ በልኩ መጥራት የቋንቋ ቅንጦት አይደለም። ጥፋተኛው እንዳያመልጥ፣ ንጹሑም እንዳይቀጣ የሚያደርግ የሥራ ጥንቃቄ ነው።