ከአረንጓዴው ጥላ ሥር



በጥር ወር ደቡብ ጎንደርን ከከፍታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው የታጨደ ማሳና የነጣ ገለባ ያያል። በመካከሉ እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክቦች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዛሬ የምናገረው እነዚህን ዐጸዶች በበጋም ለምለም ስለሚያደርጓቸው ዛፎች፣ በተለይም ስለ ጽድና ስለ ወይራ ነው።

ሁሉም ዛፍ በጋውን እንደ እነርሱ አያሳልፍም። የብሳና ቅጠል ስስና ሰፊ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ብርቱካናማ ሆኖ ይረግፋል። ዛፉ ብዙ ሀብት ስላላፈሰሰበት ሲለየው አይጎዳም። ጽድ ሌላ ስሌት አለው። ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረና ሰም የለበሰ ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አይተንበትም። የወይራም ቅጠል ጠንካራ ነው፤ ከላይ ያብለጨልጫል፣ ከታች ግን ትነትን በሚቀንሱ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተሸፍኖ የዝገት መልክ ይይዛል። እንዲህ ያለ ቅጠል መሥራት ብዙ ይጠይቃል፤ ወጪውን የሚመልሰው ረጅም ጊዜ ሲያገለግል ነው። ደግሞም እነዚህ ዛፎች ቅጠል አያረግፉም ማለት ስሕተት ነው። ያረግፋሉ፤ ግን ጥቂት በጥቂት፣ አዲሱ አሮጌውን እየተካ ስለሆነ ራቁታቸውን አናያቸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ልምላሜ ነው፤ ያታልላልና። አንድ ትልቅ ጽድ ከሥሩ አንድም ተተኪ ሳይበቅል ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ ሆኖ መቆም ይችላል። ምእመኑም መንገደኛውም ቀና ብሎ «ደኑ ደኅና ነው» ይላል። የደኑ ጤና የሚታወቀው ግን ጎንበስ ሲሉ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረዋል። ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ከብት እንዳይገባ በተከለለበት ቦታ ዘር በተሻለ ይበቅላል፣ ችግኙም በተሻለ ይተርፋል። ከብቱ ይግጣል፣ ይረግጣል፣ አፈሩንም ያጠብቃል። ከዚህ በኋላ እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ሆነው ዐጸዶችን በድንጋይ ካብ ማጠር ጀመሩ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው። ደን ታጠረ፣ ማሳም ጸዳ፤ ከዚህ የረከሰና የበለጠ ብልኅ ሥራ በደን ጥበቃ ታሪካችን ውስጥ ጥቂት ነው ባይ ነኝ።

ካቡ ከብቱን ቢያግድም ባሕር ዛፍን አያግድም። ከአውስትራሊያ የመነጨው፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ፈጥኖም ለገበያ ይደርሳል። የሐበሻ ጽድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የሚተካው በዘር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ወንዴውና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆኑ፣ ለብቻው የቀረ ጽድ ዘር ላያፈራ ይችላል። ቆርቆሮ ለመቀየር ወይም አገልጋይ ለማኖር ገንዘብ የቸገረው ደብር ባሕር ዛፍ ቢተክል አልፈርድበትም። የምጠይቀው ተከላው ከካቡ ውጭ እንዲሆን ነው።