ሁለት ሞተር በአንድ መኪና

የትራፊክ መብራት ላይ አጠገባችሁ የቆመው መኪና ድምፁ ጥፍት ይላል። አረንጓዴው ሲበራ ደግሞ ኮሽ ሳይል ይነሳል። ሃይብሪድ ነው፤ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ሞተር የሚሄድ መኪና።

በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሃይብሪድ የቶዮታ ፕሪየስ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997፣ ጃፓን ውስጥ። የቤንዚን ሞተሩንና ሁለቱን የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚያገናኛቸው አንድ የማርሽ ስብስብ ነው። መሐል ላይ አንድ ጥርሳም ማርሽ አለ፤ ትናንሽ ማርሾች ይዞሩታል፤ ሁሉንም ደግሞ አንድ ቀለበት ያቅፋቸዋል። የቤንዚኑ ሞተር ትናንሾቹን ሲያዞር ጉልበቱ ከፊሉ ወደ ጎማ፣ ከፊሉ እንደ ጄኔሬተር ወደሚሠራው አንዱ የኤሌክትሪክ ሞተር ይሄዳል። ክላች የለ፣ ማርሽ መቀየር የለ! እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ቀላልነቱ ነው።

ሁለት ዓይነት ሞተር ለምን አስፈለገ? የቤንዚን ሞተር ከቆመበት ሲነሳና እየተንፏቀቀ ሲሄድ ነዳጅ ያባክናል። የኤሌክትሪኩ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ከመነሻው ነው።

ፍሬኑን ደግሞ እንየው። በተለመደው መኪና ፍሬን ስትይዙ ፍጥነቱ የፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በሃይብሪድ ግን ጎማው የኤሌክትሪክ ሞተሩን መልሶ ያዞረዋል፤ ሞተሩም እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ቁልቁለት ስትወርዱም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ትልቁ ቁጠባ ያለው ቆም ሄድ በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ነው፤ በረጅሙ የአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ያገለገለ ሃይብሪድ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ባትሪውን በባለሙያ አስመርምሩ።